ከእርሳስ ወደ መዳብ፦ አረሩ ሲቀየር የአደን ጠመንጃ ምን ይሆናል?

በአሜሪካዋ ካሊፎርኒያ ግዛት ከጁላይ 1 ቀን 2019 ጀምሮ የዱር እንስሳን በእርሳስ አረር ማደን ሙሉ በሙሉ የተከለከለ ነው። ሕጉ የጸደቀው በ2013 ሲሆን በየደረጃው ተግባራዊ እየሆነ መጥቶ በተጠቀሰው ቀን ግዛቱን በሙሉ ሸፈነ። ከጀርባው ያለው ዋነኛ ምክንያት ኮንዶር የሚባለው ግዙፍ ጥንብ አንሳ ነው፤ አዳኙ አጋዘን ጥሎ ሥጋውን ሲወስድ ሜዳ ላይ ትቶት በሚሄደው የሆድ ዕቃ ውስጥ ከአረሩ የተሰባበረ የእርሳስ ብናኝ ይቀራል፣ ወፉም ያንን በልቶ ይመረዛል። በ1982 በዓለም ላይ የቀሩት የካሊፎርኒያ ኮንዶሮች 22 ብቻ ነበሩ። ስለ ሕጉ ተገቢነት አዳኞች ዛሬም ይከራከራሉ። እኔ እዚህ የማነሣው ግን ሕጉ ያስከተለውን አንድ ተግባራዊ ችግር ነው፦ ሃያና ሠላሳ ዓመት እርሳስ ሲተኩስ የኖረ ጠመንጃ በድንገት መዳብ ሲጎርስ የሚመታበት ቦታ ይለወጣል፣ አንዳንዱማ ሁለት ጥይት እንኳ አጠጋግቶ ማሳረፍ ያቅተዋል።

በዚህ አገር ለአደን የወጣ የእኛ ሰው ችግሩን በራሱ እጅ ያየዋል። እኔም ያየሁት ያገለገለ ባለ .30-06 ጠመንጃ ገዝቼ፣ በአሮጌው ባለ እርሳስ ጥይት በ100 ያርድ (91 ሜትር ገደማ) የኢላማው መሃል ላይ በሚገባ ካስተካከልኩት በኋላ፣ ለአደኑ ብዬ አንድ ፓኬት የመዳብ ጥይት የተኮስኩበት ቀን ነው። ጠረጴዛው ያው፣ የአሸዋ ከረጢቱ ያው፣ ጠመንጃው ላይ የተገጠመውን የማነጣጠሪያ መነጽር የነካው ሰው የለም፤ ጥይቶቹ ግን ከመሃል 6 ሳንቲሜትር ያህል ወደ ላይ፣ 3 ሳንቲሜትር ተኩል ደግሞ ወደ ግራ ሄደው አረፉ። ወደ ላይ መውጣታቸውን ልረዳው እችል ነበር፤ አዲሱ አረር ቀለል ያለና ፈጣን ነው። ወደ ግራስ ምን ወሰዳቸው? የዚህ ጥያቄ መልስ ነው የጉዳዩ ቁልፍ።

አስቀድሞ በቃላት እንግባባ። ጥይት የምንለው አራት ነገሮች ተጣምረው የሚሠሩት ሙሉ ዕቃ ነው፦ የናሱ ቀለሃ፣ በውስጡ ያለው ባሩድ፣ ከኋላው ያለው መለኮሻ፣ ከፊቱ የተሰካው አረር። በርሮ የሚሄደው አረሩ ብቻ ነው። አፈሙዝ ስል ደግሞ ጥይቱ ከሚጎርስበት ጀምሮ አረሩ እስከሚወጣበት ያለውን ብረት በሙሉ ማለቴ ነው። .30-06 የሚለው ስም ሁለት ክፍል አለው፤ 30ው የአፈሙዙን ውስጣዊ ስፋት በኢንች መቶኛ የሚናገር ሲሆን፣ 06ቱ የአሜሪካ ጦር ጥይቱን የተቀበለበት 1906 ዓመት ነው። ጠመንጃው ራሱ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ እንግዳ አይደለም፤ አያቶቻችን ምንሽር ይሉት እንደነበረው በእጅ እያቀባበሉ አንድ በአንድ የሚተኩሱት ዓይነት ነው። የአረር ክብደት እዚህ አገር የሚለካው በግሬን ነው። ስሙ ከእህል ፍሬ የመጣ ሲሆን አንዱ ግሬን 0.065 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ስለዚህ 150 ግሬን የተባለው አረር 9.7 ግራም፣ 180 የተባለው 11.7 ግራም ገደማ ነው።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው ሁለት የተለያዩ ነገሮችን አንድ አድርጎ በማየቱ ነው። አንደኛው ነገር የጥይት ቀዳዳዎቹ እርስ በርስ መጠጋጋታቸው ነው፤ ይህን ስብስብ ልበለው። ሁለተኛው ደግሞ ያ ስብስብ ከኢላማው መሃል አንጻር ያለበት ቦታ ነው። ሁለተኛውን ለማስተካከል የመነጽሩን መዘውር ማዞር ይበቃል፣ የሁለት ደቂቃ ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ግን መዘውር አያድነውም፤ ጠመንጃውና አረሩ ካልተስማሙ መነጽሩን ቀኑን ሙሉ ብታሽከረክረው የተበተነውን ስብስብ ከቦታ ቦታ ከማዘዋወር በቀር የምታመጣው ለውጥ የለም። በተኩስ መለማመጃ ሜዳ ላይ ከማያቸው ሰዎች ብዙዎቹ አንድ ይተኩሳሉ፣ መዘውሩን ይነካሉ፣ እንደገና አንድ ይተኩሳሉ፣ ደግመው ይነካሉ፤ እንዲህ እያሉ ባለ ውድ ዋጋውን ፓኬት ይጨርሱና ጠመንጃው ተበላሽቷል ብለው ወደ ቤታቸው ይሄዳሉ። አንድ ቀዳዳ ብቻውን ስለ ስብስቡ የሚነግረን ነገር የለም።

ወደ አረሩ እንመለስ። መዳብ ከእርሳስ በአንድ አምስተኛ ያህል ይቀላል፤ አንድ ኪዩቢክ ሳንቲሜትር እርሳስ 11.3 ግራም ሲመዝን ያንኑ የሚያህል መዳብ ወደ 9 ግራም ይጠጋል። የተለመደው የአደን አረር እርሳሱ በቀጭን መዳብ የተሸፈነ ስለሆነ በተግባር ልዩነቱ ከዚህ ትንሽ ይጠባል፣ ቢሆንም አይጠፋም። አረሩ የሚሾልክበት አፈሙዝ ስፋቱ አይለወጥምና፣ ከመዳብ የተሠራ አረር ከባለ እርሳሱ ጋር እኩል እንዲመዝን ከተፈለገ ያለው አማራጭ ማርዘም ብቻ ነው። መርዘሙ ደግሞ መዘዝ አለው። አረር አየር ላይ ሳይገለባበጥ የሚሄደው ስለሚሽከረከር ነው፤ የሚያሽከረክሩትም በአፈሙዙ ውስጥ የተቀረጹት ጥምዝ መስመሮች ናቸው። በአብዛኞቹ የ.30-06 ጠመንጃዎች መስመሩ በየ10 ኢንቹ፣ ማለትም በየ25.4 ሳንቲሜትሩ አንድ ሙሉ ዙር ይዞራል። በሰከንድ 820 ሜትር ያህል ፍጥነት የሚወጣ አረር በዚህ ስሌት በደቂቃ ወደ 194 ሺህ ዙር እየተሽከረከረ ይወጣል። ቁጥሩን መጀመሪያ ሳሰላው የተሳሳትኩ መስሎኝ ደግሜ አስልቼዋለሁ።

አረሩ በረዘመ ቁጥር ጸንቶ ለመሄድ የሚያስፈልገው መሽከርከር ይጨምራል። እንግሊዛዊው የሒሳብ ሊቅ ጆርጅ ግሪንሂል በ1879 ለዚህ ያወጣው ቀላል ቀመር ዛሬም ለግምት ያገለግላል፤ በቀመሩ ውስጥ የሚገቡት የአረሩ ውፍረትና ርዝመት ናቸው፣ ክብደቱ ራሱን ችሎ አይገባም። ስለዚህ «ጠመንጃዬ 180 ግሬን ይስማማዋል» የሚለው አነጋገር ለእርሳስ እውነት ሆኖ ሳለ ለመዳብ ላይሠራ ይችላል። በ.30-06 ላይ የተለመደው የ10 ኢንች ጥምዝ ከባዱን የመዳብ አረር ጭምር አብዛኛውን ጊዜ ይችለዋል። ዘመዱ በሆነው .308 ግን በ12 ኢንች አንድ ዙር የሚዞሩ አፈሙዞች ስላሉ ረጅሙ መዳብ የሚያስቸግረው እዚያ ነው። ምልክቱ ወረቀቱ ላይ ይታያል፤ ቀዳዳው ክብ መሆኑ ቀርቶ ሞላላ ከሆነ፣ ወይም የአረሩ ጎን የጣለው ቅርጽ ከታየ፣ አረሩ እየተንገዳገደ ነው የደረሰው ማለት ነው። እዚያ ላይ ሌላ ማስተካከያ መፈለግ ጥይት ማባከን ነውና አጠር ያለ፣ ማለትም ቀለል ያለ አረር መግዛት ይሻላል።

አሁን ወደ ግራ ወደ ሄዱት ጥይቶች ልምጣ። ባሩዱ ሲቀጣጠል አፈሙዙ እንደተመታ ደወል ይርገበገባል። ብረቱ ወፍራም ቢመስልም ጫፉ በዓይን በማይታይ መጠን ወደ ላይና ወደ ታች፣ ወደ ጎንም ይወዛወዛል። አረሩ በአፈሙዙ ውስጥ የሚቆየው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ብዙም ለማይበልጥ ጊዜ ነው፤ ጫፉን ሲለቅ ታዲያ ጫፉ በዚያች ቅጽበት ወዳየበት አቅጣጫ ይሄዳል። አረሩ ሲቀየር ክብደቱ፣ ፍጥነቱ፣ ከአፈሙዙ ግድግዳ ጋር ያለው ፍትጊያም ይለወጣል፤ በዚህም የርግብግቢቱ ዓይነትም ሆነ አረሩ የሚወጣባት ቅጽበት ይለወጣሉ። ጫፉ ወደ ግራ ባዘነበለበት ቅጽበት የወጣ አረር ወደ ግራ ይሄዳል። የመሬት ስበት የሚስበው ወደ ታች ብቻ ነውና፣ ነፋስ በሌለበት ቀን በ100 ያርድ ላይ ጎን ለጎን የታየን እንዲህ ያለ ልዩነት በስበት ማስረዳት አይቻልም።

ከዚሁ ሌላ ነገር ይከተላል። ጫፉ ውዝዋዜውን ጨርሶ ሊመለስ ሲል፣ ልክ ዥዋዥዌ ጥጉ ላይ ደርሶ እንደሚያመነታው፣ ለአፍታ ያህል ቀስ ይላል። አረሮቹ በዚያች ቅጽበት አካባቢ የሚወጡ ከሆነ፣ ከጥይት ወደ ጥይት ትንሽ የፍጥነት ልዩነት ቢኖርም የሚሄዱት ወደ አንድ አቅጣጫ ስለሚሆን ስብስቡ ይጠባል። ጫፉ በፍጥነት በሚያልፍበት መካከለኛ ቦታ ላይ የሚወጡ ከሆነ ግን ያቺው ትንሽ ልዩነት ይበትናቸዋል። ብራውኒንግና ዊንቸስተር በ1990ዎቹ ቦስ የሚባል፣ አፈሙዙ ጫፍ ላይ እየተሽከረከረ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚሄድ ክብደት ያለበት መሣሪያ ያወጡት በዚህ አስተሳሰብ ነበር፤ ርግብግቢቱን ለአረሩ ማስማማት ማለት ነው። ያ መሣሪያ የሌለው ሰው የቀረው መንገድ ተቃራኒው ነው፦ አረሩን ለርግብግቢቱ መፈለግ። ሰዎች ጠመንጃን «ይህን ይወዳል፣ ያንን አይወድም» ሲሉ እንደ ቀልድ ቢመስልም የሚናገሩት ስለዚህ ነው። ከአንድ ፋብሪካ በአንድ ቀን የወጡ ሁለት ጠመንጃዎች የተለያየ ጥይት ሊወዱ ይችላሉ።

ይሁን እንጂ ጥይት ከማማረጥ በፊት ጠመንጃው ራሱ ጤነኛ መሆኑ መረጋገጥ አለበት፤ እኔ ይህን ቅደም ተከተል ገልብጬ ሁለት ፓኬት አባክኛለሁ። መጀመሪያ የሚታዩት ብሎኖች ናቸው፦ መነጽሩን የያዙት፣ ከዚያም ብረቱን ከእንጨቱ ጋር ከሥር የሚያስሩት። አንዱ ከላላ ሌላው ሥራ ሁሉ ከንቱ ነው። ከመጠን በላይ ማጥበቅም የመነጽሩን ቱቦ ስለሚጨፈልቅ፣ መካኒኮች ቶርክ ሬንች የሚሉትን፣ የማጥበቂያውን ጉልበት የሚለካ መፍቻ ትንሹን ዓይነት መጠቀም ይገባል፤ ልኩ በመነጽሩ መያዣ መመሪያ ላይ ተጽፎ ይገኛል። ሁለተኛው የአፈሙዙና የእንጨቱ ግንኙነት ነው። አፈሙዙ በነፃነት መርገብገብ የሚችለው ከሥሩ ያለው እንጨት ካልነካው ነው፤ እንጨት ደግሞ እርጥበት ሲያገኝ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰበሰባል፣ ስለዚህ በክረምት የሚነካው በበጋ ላይነካው ይችላል። ይህን ለማወቅ አንድ የአንድ ዶላር ኖት በቁመቱ አጥፌ፣ ከእንጨቱ ጫፍ በኩል በአፈሙዙና በእንጨቱ መካከል አስገብቼ ወደ ኋላ ጎተትኩት። እንደ ቅቤ እየተንሸራተተ መጥቶ ግማሽ መንገድ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ ተቀረቀረ። ብረቱን ከእንጨቱ ፈትቼ ሳየው እንጨቱ ላይ የአውራ ጣት ጥፍር የምታህል የሚያብረቀርቅ ቦታ አገኘሁ፤ አፈሙዙ ለዓመታት ያሻሸው ነው። ብርጭቆ ወረቀት በክብ እንጨት ላይ ጠቅልዬ ያንን ቦታ ቀስ ብዬ ላግሁት፣ እርጥበት እንዳይገባውም ቫርኒሽ ቀባሁት። ኖቱ ከዚያ በኋላ ሳይያዝ አለፈ። አንዳንድ ፋብሪካዎች ግን የእንጨቱ ጫፍ አፈሙዙን ሆን ብሎ እንዲደግፈው አድርገው ስለሚሠሩ፣ መጀመሪያውኑ በደንብ የሚሰበስብን ጠመንጃ መነካካት አያስፈልግም።

ሦስተኛው ውልወላ ነው። የመዳብ አረር ከባለ እርሳሱ የሚለየው የቀድሞው አረር በአፈሙዙ ውስጥ ጥሎት በሄደው ዝቃጭ ላይ በሚያሳየው ባሕርይም ጭምር ነው። ከአሮጌው ወደ አዲሱ ከመሻገር በፊት የመዳብ ዝቃጭ በሚያሟሟ ፈሳሽ፣ ጨርቁ ሰማያዊ ወይም አረንጓዴ መሆኑን እስኪያቆም ድረስ መወልወል ይመከራል። ከተወለወለ በኋላ ያሉት የመጀመሪያዎቹ ጥይቶች ግን ለፍርድ አይቀርቡም፤ አፈሙዙ አዲሱን አረር እስኪለምድ ድረስ ከሦስት እስከ አምስት ጥይት ቢባክን አያስቆጭም።

ከዚያ ሙከራው ይጀምራል። እኔ የምመክረው ሦስት የተለያዩ የመዳብ ጥይቶችን፣ ለምሳሌ ባለ 150ውን፣ ባለ 165ቱንና ባለ 180ውን፣ አንድ አንድ ፓኬት መግዛት ነው፤ ወጪው ያምማል፣ ነገር ግን አንዱን ብቻ አሥር ፓኬት ገዝቶ እንደማይስማማ ከማወቅ ይቀላል። ጠመንጃው ከፊትም ከኋላም በአሸዋ ከረጢት ላይ ይደገፋል፤ የፊተኛው ከረጢት የሚገባው ከእንጨቱ ሥር ነው፣ አፈሙዙ ከረጢቱን ከነካ ርግብግቢቱ ይበላሻል። ለየዓይነቱ የተለየ ወረቀት ይሰቀላል። መነጽሩ አይነካም፤ ጥይቶቹ የትም ይረፉ የት፣ በዚህ ደረጃ የሚታየው መጠጋጋታቸው ብቻ ነው። በየሦስት ጥይቱ መካከል አፈሙዙ በእጅ ሲነካ ለብ ያለ ብቻ እስኪሆን መጠበቅ ያስፈልጋል፤ ቀጭን የአደን አፈሙዝ ሲግል ይጣመማል፣ ቀዳዳዎቹም አንድ አቅጣጫ ይዘው እንደ ጉንዳን ሰልፍ ይጓዛሉ። ትዕግሥት የሌለው ሰው ሙከራውን የሚያበላሸው እዚህ ላይ ነው።

ስንት ጥይት ይበቃል? በመደብር ግድግዳ ላይ ተለጥፎ የሚታየው፣ ሦስት ቀዳዳዎች እንደ አንድ አበባ የተነካኩበት ወረቀት፣ የሚያታልል ነገር ነው። ሦስት ጥይት በዕድል ሊጠጋጋ ይችላል፤ ቁጥሩ ሲጨምር ስብስቡ መስፋቱ አይቀሬ ነው፣ ይህም የሒሳብ ባሕርይ እንጂ የጠመንጃው ጥፋት አይደለም። በአማካይ በሦስት ጥይት 2.5 ሳንቲሜትር የሚሰበስብ ጠመንጃ አሥር ሲተኮስበት ወደ 4 ሳንቲሜትር ይሰፋል። ስለዚህ ባለ 150ው በሦስት ጥይት 2 ሳንቲሜትር፣ ባለ 165ቱ 2.8 ሳንቲሜትር ስለሰበሰቡ ብቻ ባለ 150ው አሸነፈ ማለት አይቻልም፤ በማግሥቱ ውጤቱ ሊገለበጥ ይችላል። ሦስት ጥይት የሚያገለግለው በግልጽ የማይስማማውን ለማስወገድ ነው። የተረፉትን ሁለት ለመለየት ለየአንዳንዳቸው አሥር ጥይት፣ በሁለት የተለያዩ ቀናት ተከፋፍሎ፣ ሚዛናዊ ፍርድ ይሰጣል። ለአጋዘን አደን በ100 ያርድ አሥሩን በ5 ሳንቲሜትር ውስጥ የሚያሳርፍ ጠመንጃ ከበቂ በላይ ነው፤ ከዚያ በታች የሚደረገው ፉክክር ለወረቀት እንጂ ለአጋዘን አይደለም ብዬ አምናለሁ።

ጥይቱ ከተመረጠ በኋላ ብቻ ወደ መዘውሩ እንሄዳለን። የአብዛኞቹ የአሜሪካ መነጽሮች መዘውር አንድ ጊዜ ቀጭ ሲል፣ በ100 ያርድ ላይ የአረሩን ማረፊያ 7 ሚሊሜትር ገደማ ያንቀሳቅሳል። በእኔ ጠመንጃ ባለ 150ው መዳብ የስብስቡ መሃል 6 ሳንቲሜትር ወደ ላይ፣ 3.5 ወደ ግራ ነበር። ለአደን ግን በ100 ያርድ መሃሉን መምታት አልፈልግም፤ ከ4 እስከ 5 ሳንቲሜትር ከፍ ብሎ የሚመታ .30-06 በ200 ያርድ ላይ መሃል ይገባል፣ በ300 ያርድ ደግሞ ወደ 20 ሳንቲሜትር ዝቅ ይላል፣ በመካከሉ ላለው ርቀት አዳኙ ብዙ አያሰላም። ስለዚህ ሁለት ቀጭታ ወደ ታች፣ አምስት ቀጭታ ወደ ቀኝ በቃኝ። የሚለካው ከስብስቡ መሃል ነው፤ ከአንዱ፣ ለዓይን ደስ ካለው ቀዳዳ አይደለም።

ጥይቱን ራሱ ቤቱ የሚሞላ ሰው ተጨማሪ ሁለት መሣሪያዎች አሉት፦ የባሩዱ መጠንና አረሩ በቀለሃው ውስጥ የሚቀመጥበት ጥልቀት። ጥልቀቱ የሚወስነው አረሩ የአፈሙዙን ጥምዝ መስመር እስኪነካ ድረስ ያለውን ክፍተት ነው፤ የመዳብ አረር አምራቾች ብዙ ጊዜ ከ1 ሚሊሜትር የበለጠ ክፍተት ይመክራሉ፣ እርሳሱ ግን ጠጋ ማለቱን ሊወድ ይችላል። እዚህ ላይ አንድ ነገር በጥብቅ መነገር አለበት። ለእርሳስ አረር የተሰላን የባሩድ መጠን ወስዶ በእኩል ክብደት መዳብ ላይ መጠቀም አደገኛ ነው። መዳቡ ጠንካራና ረጅም ስለሆነ በቀለሃው ውስጥ የባሩዱን ቦታ ይሻማል፣ ግፊቱም ሊጨምር ይችላል። የአረሩ አምራች ለዚያው አረር ያወጣውን ሰንጠረዥ ይዞ ከዝቅተኛው መጠን መጀመር እንጂ ግምት ቦታ የለውም።

መዳብ ሌላም ጠባይ አለው። እርሳስ ለስላሳ ስለሆነ ፍጥነቱ ቢቀንስም እንስሳውን ሲመታ ይከፈታል፣ ማለትም ፊቱ ተጨፍልቆ ይሰፋል። መዳብ ግን በሚገባ ለመከፈት በሰከንድ ከ550 እስከ 600 ሜትር ፍጥነት ይፈልጋል፤ ከዚያ በታች ሳይከፈት አልፎ ሊሄድና እንስሳውን አቁስሎ ሊሰድ ይችላል። በ180 እርሳስ የለመደ አዳኝ ወደ ባለ 150 ወይም ባለ 165 መዳብ ቢወርድ የሚሻለው ለዚህ ነው፤ ቀላሉ ፈጣን ነው፣ እንደ እርሳሱም ስለማይሰባበር ክብደቱን ይዞ ይዘልቃል። ከ300 ሜትር ካለፈ ግን በየትኛውም ቢሆን ለመተኮስ አልደፍርም።

የቀረው አንድ ነገር ነው። ሕጉ የሚከለክለው በእርሳስ ማደንን እንጂ ወረቀት መተኮስን ስላልሆነ፣ ብዙዎቻችን ርካሹን የእርሳስ ጥይት ለልምምድ አስቀርተናል። ይህ ማለት አንዱ ጠመንጃ ሁለት ቦታ ይመታል ማለት ነው። ቀጭታዎቹን በትንሽ ወረቀት ጽፌ ሰደፉ ላይ በግልጽ ፕላስተር ለጥፌዋለሁ፦ «ከእርሳስ ወደ መዳብ፦ 2 ታች፣ 5 ቀኝ»። የአደኑ ወቅት ሊከፈት አንድ ሳምንት ሲቀረው አፈሙዙን ወልውዬ፣ አምስት መዳብ ተኩሼበት፣ ሳልወለውለው ወደ ቤት እመለሳለሁ። በማግሥቱ ማለዳ፣ ብረቱ እንደቀዘቀዘ፣ አንድ ጥይት ብቻ በአዲስ ወረቀት ላይ እተኩሳለሁ፤ ተራራው ላይ የማገኘው ዕድል ያቺ የቀዝቃዛ አፈሙዝ የመጀመሪያ ጥይት ናትና፣ ቀዳዳዋ የት እንዳለች በዚያ ወረቀት ላይ ቀኑን ጽፌ ከጥይቱ ፓኬት ውስጥ አስቀምጣታለሁ።